ከደጅ ውጭ የተተከለ ዛፍ



የማኅበራችን ጉባኤ በዚህ ዓመት ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ከታችኛው በር ተነሥቶ በበአቶች ጀርባ ወደ ጠበሉ የሚወርደው የእግር መንገድ እንደ ሆነ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። መንገዱ ጠብቧል። በግራና በቀኙ የቆሙት ወይራና ጽዶች ሁላችንንም የቀደሙ ሽማግሌዎች ናቸው። ከእነርሱ ሥር ደግሞ አንዳንድ አባቶች ከዐላፊ አግዳሚ ዐይን ለመከለል በበአታቸው ፊት የተከሉት የቅትቅታና የቍልቋል አጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየገፋ ወጥቶ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያልፍበት የነበረው ስፍራ ዛሬ አንድ ሰው በጎኑ የሚሾልክበት ሆኗል። በዓለ ንግሥ ሲደርስ ምርኵዝ የያዙ እናቶች በገደሉ በኩል ለመዞር ይገደዳሉ። ስለዚህ ከፊሉ «ዛፎቹ ይቈረጡና መንገዱ ይስፋ» ይላል፤ ከፊሉ «መንገዱ ይዘጋ፣ የመናንያን ጸጥታ ይጠበቅ» ይላል።

ተራዬ ደርሶ አሳቤን ስጠየቅ፣ ለምእመናን አገልግሎት ተልኬ በኩዌት በቈየሁባቸው ወራት ያየሁትን ማንሣት ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን የሠርክ ደወል ተደወለና ነገሩ በእንጥልጥል ቀረ። አንድ ወንድምም «አባ፣ የአሸዋ አገር ስለ ዛፍ ምን ያስተምረናል?» ብሎ ፈገግ አለ። ጥያቄው መልስ የሚገባው ነውና በጽሑፍ ላደርሰው ወደድሁ። ከዚህ በታች ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኩዌት ወንዝ የሌለባት አገር ናት። የዓመቱ ዝናም ሁሉ ተጠራቅሞ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ ደጋ በአንድ የክረምት ወር ከሚወርደው ያነሰ ማለት ነው። በ1953 የባሕሩን ውኃ የሚያጣራ የመንግሥት ፋብሪካ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ የከተማዪቱ ሰዎች ከሚጠጡት ውኃ ብዙውን በጀልባ ከሻት አል አረብ ያስመጡ ነበር። ስለ ሙቀቱ አንድ ቍጥር ይበቃል፤ ሚትሪባ በምትባል የአየር መለኪያ ጣቢያ በ2016 ሐምሌ ወር 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። በዚያ አገር በየመንገዱ ዳር ቆሞ የሚታይ ዛፍ የሚጠጣው ወይ ከባሕር የተጣራ ውኃ፣ ወይ ጨው ያለበት የጕድጓድ ውኃ፣ ወይም በሱለይቢያ እንዳለው ባለ ትልቅ ማጣሪያ ታክሞ የተመለሰ የፍሳሽ ውኃ ነው። እኛ ዘር ጥለን ዝናም እንጠብቃለን፤ እነርሱ ግን ለእያንዳንዱ ሥር ቧንቧ ይዘረጋሉ። ስለዚህ በኩዌት ዛፍ መትከልም ዛፍ መንቀልም ቀላል ነገር አይደለም፤ ለወንድሜ ጥያቄ የመጀመሪያ መልሴ ይህ ነው።

የቀድሞዋ ኩዌት በግንብ የታጠረች የባሕር ዳር ከተማ ነበረች። የመጨረሻው ግንብ በ1920 ተሠራ፣ በ1957 ፈረሰ፤ በሮቹ ብቻ ለመታሰቢያ ቀሩ። ግንቡ የነበረበትን መስመር ዛሬ አረንጓዴ መቀነትና የመጀመሪያው ቀለበት መንገድ ተከትለውታል። በግንቡ ውስጥ የነበረው ቤት ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለራሱ ግቢ የሰጠ ነበር። በመንገድ በኩል መስኮት የለውም ቢባል ከእውነት አይርቅም። መካከሉ ላይ ሰማይ የሚታይበት ግቢ አለ፤ በቋንቋቸው «ሆሽ» ይሉታል፤ ሴቶችና ልጆች የሚውሉት በዚያ ነው። የውጭው ግድግዳ ከፍ ያለ፣ መንገዱም ጠባብ ስለ ነበረ፣ ዐላፊው መንገደኛ በግድግዳው ጥላ ሥር ይሄዳል። የቤተ ሰቡን ገመና የሚሸፍነው ያው ግድግዳ ለእግረኛው ጥላ ይሰጥ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ዘይት መጣ። ሚኖፕሪዮ፣ ስፔንስሊና ማክፋርሌን የተባሉ እንግሊዛውያን በ1951 ለከተማዪቱ አዲስ ፕላን አወጡ፤ ከግንቡ ውጭም እንደ ሻሚያ፣ ካይፋን፣ ፈይሃ ያሉ ሰፈሮች በቀለበት መንገዶች መካከል ተሠሩ። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ትምህርት ቤት፣ መስጊድና ገበያ አለው፤ ጥሩ አሳብ ነው። ቤቱ ግን ተገለበጠ። በመካከሉ ግቢ የነበረው ቤት አሁን በግቢው መካከል የቆመ ቪላ ሆነ፤ መስኮቱን በዙሪያው ከፈተ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዞረ። ኋላም መንግሥት ለዜጎቹ የሚሰጠው ቦታ 400 ሜትር ካሬ ሆነ፤ አባት ለሚያገቡ ልጆቹ ፎቅ እየደረበ እስከ ወሰኑ ጫፍ ይሠራል፣ ለአትክልትም የሚተርፍ መሬት አይኖርም። እንግዲህ ያ በቤት ውስጥ የነበረው ግቢ የት ይሂድ? ከአጥሩ ውጭ፣ በቤቱ ግንብና በአስፋልቱ መካከል ወዳለው ንጣፍ መሬት ወጣ። ያ ንጣፍ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ እግረኛ እንዲሄድበት፣ ቧንቧና ሽቦም እንዲያልፍበት የተተወ።

በሰፈሮቹ ስመላለስ ያየሁት ይህን ነው። አንዱ በደጁ ሣር አንጥፎ ዝቅተኛ ብረት አጥሮበታል። ሌላው ለመኪናው ዳስ ሠርቶበታል። ብዙዎች ግን ኮኖካርፐስ የሚባለውን ዛፍ እንደ ግድግዳ አጠጋግተው ተክለው፣ ከመሬት እስከ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ድረስ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ መጋረጃ አድርገውታል። ይህ ዛፍ የሶማሌና የጅቡቲ፣ የየመንም የባሕር ዳርቻ ተወላጅ ነው፤ ከጎረቤታችን ሄዶ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደ እኛ ባሕር ዛፍ ተስፋፋ። ቶሎ ያድጋል፣ ሙቀትንም ጨውንም ይችላል። ሥሩ ግን ውኃ ፍለጋ ወደ ቧንቧ ይገባል፣ የእግረኛውን ንጣፍ ድንጋይም ከሥሩ እያነሣ ይሰነጥቃል።

የአገሪቱ ሕግ በዚህ ነገር ሁለት ቃል አለው። በ1962 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 የሕዝብን ሀብት የማይደፈር አድርጎ ጥበቃውን የእያንዳንዱ ዜጋ ግዴታ ያደርገዋል፤ በአንቀጽ 38 ደግሞ መኖሪያ ቤት እንዳይደፈር ይደነግጋል። በደጅ የተተከለው ዛፍ ከሁለቱ መካከል ቆሟል፤ ሥሩ በሕዝብ መሬት ነው፣ የሚሸፍነው ግን የቤትን ገመና። በ2008 በመንግሥት መሬት ላይ የተሠሩ ዲዋኒያዎችን፣ ማለት ወንዶች በምሽት ተሰብስበው የሚጫወቱባቸውን ቤቶች፣ ማፍረስ ተጀምሮ በአገሩ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ሰዎቻችን «ባለዲያ» የሚሉት ማዘጋጃ ቤትም በቤቶች ፊት ያለውን አጥርና አትክልት ለማስነሣት በየጊዜው ይወጣል። ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፣ ቀነ ገደብ ይሰጣል፣ ከዚያም ቈፋሪ መኪና ይመጣል።

በነበርሁበት ሰፈር አንድ ጥግ ላይ ይህ ሲሆን ደርሻለሁ። አጥሩም ኮኖካርፐሱም በአንድ ጧት ተነሣ፤ ከእነርሱ ጋር ግን አንዲት ዕድሜ ያላት ሲድርም ተነቀለች። ሲድር የምትባለው የእኛዋ ቁርቁራ ናት፤ የቈላው ሰው ፍሬዋን ለቅሞ ለገበያ የሚያወጣት። የምዕራቡ ዓለም የዕፀዋት ሊቃውንት የጌታችን የእሾህ አክሊል ከእርሷ ነበር በሚለው ትውፊት «የክርስቶስ እሾህ» ብለው ሰይመዋታል። የቤቱ ባለቤት፣ ጢሙ የሸበተ ጨዋ ሰው፣ በጠዋቱ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ዐረብኛዬ ጥቂት ነው፤ አብሮኝ የነበረ ወጣት እንደ ተረጐመልኝ «ሴቶች ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ፊት ለፊት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ተሠራ፤ በምን ልከልላቸው? ዛፍ ተከልሁ። መሬቱ የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ። በዚህ ሰው ልፈርድበት አልቻልሁም። ቤርሳቤህን ከሰገነት ያየ ዐይን ምን እንዳስከተለ ለምናነብ ለእኛ፣ ልጆቹን ከዐይን የሚከልል አባት እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን በዚያ ንጣፍ የሚሄደው ማን ነው? የቤቱ ባለቤቶች ከደጃቸው በመኪና ይወጣሉ፣ ወደ ደጃቸውም በመኪና ይገባሉ። በሰፈሩ ውስጥ በእግር የሚሄዱት የቤት ሠራተኞች፣ አትክልተኞች፣ ዕቃ አድራሾች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው። ወደ ጀምዒያ፣ ማለት ወደ ሰፈሩ የኅብረት ሱቅ፣ የምትላክ ልጅ፣ ወይም ዓርብ በዕረፍት ቀኗ ነጠላዋን በፌስታል ይዛ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ የምትሄድ እኅት፣ አጥሩ ንጣፉን ሲይዝባት ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች፤ መኪናው ከኋላዋ ይመጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት በገላጣ ስፍራ ሠራተኛን ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ መልካም ሕግ ነው። ያ ሕግ የወጣው ግን ለሥራ ቦታ እንጂ ወተት ለመግዛት ለተላከች ልጅ መንገድ አይደለም።

አሁን ደግሞ አጥሩ ከዛፉ ጋር ሲነሣ ያቺው ልጅ ንጣፉን ታገኛለች፣ ጥላውን ታጣለች። ሲታጠርም ሲፈርስም የሚከፍለው እግረኛው ሆነ። ባለቤቱ ለማስጠንቀቂያው መልስ የሚሰጥበት ቢሮ አለው፤ ማዘጋጃ ቤቱም የሚጠብቀው ሕግ አለው። እግረኛውን ግን አጥሩ ሲቆምም ሲፈርስም የጠየቀው የለም።

ከወሎ የመጣች፣ በአንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሠራች እኅት ይህን ነገር ከእኔ አብልጣ አሳየችኝ። ከጸሎት በኋላ ቀርባ ተሳልማ ስንጨዋወት የነገርሁት ሁሉ ለእርሷ አዲስ አልነበረም።

«አባ፣ የእኛም ቤት አጥር ተነሥቶ ነበር» አለችኝ። «ማዳም አለቀሰች። እኔ ግን ምን እንደምል ጠፋኝ።»

«ለምን ልጄ?» አልኋት።

«በዚያ ዛፍና በግንቡ መካከል አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ነበረችኝ። ማታ ሥራ ስጨርስ በእርሷ ላይ ተቀምጬ ከእናቴ ጋር በስልክ እናወራለን። ሻሼን አውልቄ፣ እግሬን ዘርግቼ፤ ማንም አያየኝም። በዚያ ቤት ‹የእኔ› የምለው ያችን ስፍራ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ግን፣ ቋንቋ ሳላውቅ፣ በጣም ሲከፋኝ፣ በመንገድ የሚያልፍ አበሻ ድምፅ እሰማለሁ፣ አላየውም፣ አያየኝም። ሰው መኖሬንም የሚያውቅ አልነበረም። አጥሩ ሲነሣ የመጀመሪያ ቀን አንዲት የአገሬ ልጅ ከመንገድ ሆና ‹ሰላም ነሽ?› አለችኝ።»

«እንግዲያ ይነሣ ነው የምትዪው ወይስ ይቆይ?»

ጥቂት ዝም ብላ «ዛፉ ይቆይ፣ እኔም እንድታይ» አለችና ሳቀች።

ከሕግ ባለሙያም ከፕላን ዐዋቂም ይህን ያህል የተቃና ነገር አልሰማሁም። ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና የልጅቱ አሳብ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ከመሬት ጀምሮ የሚጠቀጥቅ አጥር ግድግዳ ነው፤ ቅጠል ስላለው ብቻ ዛፍ ብለን እንጠራዋለን። ቁርቁራ ወይም ተምር ግን ግንዱ ነጻ ሆኖ ከሰው ቁመት በላይ ሲያጠላ፣ ከሥሩ ሰው ያልፋል፣ ከላይ ደግሞ የፊት ለፊቱ ፎቅ መስኮት ወደ ቤቱ እንዳያይ ቅርንጫፉ ይጋርዳል። የታችኛውን ዐይን፣ ማለት የመንገደኛውን፣ የቤቱ የራሱ ግንብ ይከለክለዋል፤ ለዚያ የሕዝብ መሬት አያስፈልግም። የላይኛውን ዐይን ዛፉ ይከለክለዋል፤ እርሱም ለሁሉ ጥላ እየሰጠ። በኩዌት እንዲህ የተደረገባቸውን ጥቂት ደጆች አይቻለሁ፤ ንጣፉ ክፍት፣ ዛፎቹ በእግረኛው መንገድና በአስፋልቱ መካከል በአንድ ረድፍ፣ ውኃው በቀጭን ቧንቧ ከሥራቸው። በአንዱ ደጅ ባለቤቱ ለዐላፊ አግዳሚ ቀዝቃዛ ውኃ የሚሰጥ ማሽን አቁሟል፤ ይህን የሚያደርጉ በዚያ አገር ብዙ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ኦሪት ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያደርግ ታዛለች። መከታው የሚሠራው በባለቤቱ ሰገነት ላይ፣ በባለቤቱ ወጪ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የጎረቤት መሬት ወይም የንጉሥ ጎዳና አልተጠየቀበትም። መከለል የፈለገ መከለያውን ከራሱ ወገን ይጀምራል። በአንጻሩ አክዓብ የናቡቴን ርስት የፈለገው ለአትክልት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ለቤቱ ቅርብ ስለ ነበረ ነው። በኩዌት ነገሩ ተገልብጦ፣ ለቤቱ ቅርብ ስለ ሆነ የመንግሥትን መሬት ለአትክልት የወሰደው ግለ ሰቡ ነው። በአክዓብ ጭካኔ እንደማላመሳስለው ግልጽ ነው፤ «ለቤቴ ቅርብ ነው» የምትለዋ ቃል ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ናት፤ በእኛም በአቶች ፊት ትሰማለች።

ወደ መንገዳችን ልመለስ። ወይራዎቹና ጽዶቹ ይቈረጡ የሚለውን አሳብ አልደግፍም። አንድ የአገር ጽድ እዚህ ቁመት ለመድረስ የሰው ዕድሜ አይበቃውም፤ መንገዱን ያጠበበውም ግንዳቸው አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ወጥቼ እንዳየሁት በማንኛውም ሁለት ግንዶች መካከል ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ያልፋሉ። ያጠበበው ከሥራቸው ያለው አጥር ነው። መንገዱ ይዘጋ የሚለውንም አልቀበልም፤ ከእኛ በፊት የነበሩ አባቶች መንገዱን በዚያ ያወጡት ጠበሉ በዚያ ስለሚወርድ ነው፤ ደካሞችን በገደል አዙሮ የሚገኝ ጸጥታም ለጸሎት የሚመች አይመስለኝም።

የመናንያን መከለል ግን ተራ ነገር አይደለም፤ ይህን ለምእመናን አጥብቄ እናገራለሁ። በበዓል ቀን ስልኩን ከፍ አድርጎ በበአት መስኮት ወደ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው አይተናል። በአት የሰው የመጨረሻው ጓዳ ነው። እንግዲህ አጥሩ ይነሣ ስል በምትኩ ምን እንደሚቆም መናገር አለብኝ። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ካህናቱና ገበሬዎቹም ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ እያዋጡ፣ በየደኑ ዙሪያ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ካቡ ከብቱን ይከለክላል፣ በሩ ግን ለሰው ክፍት ነው፤ በውስጡም ችግኝ እንደገና በቅሏል። ለእኛ ከዚያ የምወስደው ካቡን ነው። ከመንገዱ ወደ በአቶቹ በኩል፣ ከዛፎቹ መስመር ወደ ውስጥ፣ በቁመት ልክ የሆነ ካብ ብንክብ፣ መከለያው በእኛ ወገን ይሆናል፣ ዛፎቹም በመንገዱ ላይ እንዳጠሉ ይቆማሉ። የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች ከሰው ራስ በላይ ማንሣት ይበቃል። በሮቻቸው ወደ መንገዱ የሚከፈቱ ሦስት በአቶች አሉ፤ በራቸው ወደ ጓሮ ቢዞር ይሻላል፤ አናጢ ከመካከላችን አለን።

ይህ ወጪ አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አጥሩን በእጃቸው ተክለው ውኃ ሲያጠጡ ለኖሩ አረጋውያን አባቶች ከባድ ነው። ስለዚህ ኩዌት ላይ እንዳየሁት በአንድ ጧት እንዲነሣ አልመክርም። ካቡ አስቀድሞ ይቁም፣ ከዚያ በኋላ አጥሩ ይነሣ፤ ማንም አባት አንድ ሌሊት እንኳ ሳይከለል እንዳያድር። ቅትቅታው ተነቅሎ የሚጣል አይደለም፤ በገደሉ አፋፍ ቢተከል አፈሩን ይይዛል።

የቀረው ልኬት ነው። የመለኪያውን ገመድ ከዕቃ ቤቱ አባት ተቀብያለሁ። ማክሰኞ ከቅዳሴ በኋላ ከታችኛው በር ጀምረን እንለካለን፤ በመንገዱ ላይ በአት ያላችሁ አባቶች ሁሉ እንድትገኙ፣ ከምእመናንም በምርኵዝ የምትሄዱ ሁለት ሦስት እናቶች አብራችሁን እንድትወርዱ እለምናለሁ፤ ስፋቱ በቂ መሆኑን የምትነግሩን እናንተ ናችሁና።